የእንግዳ ጤፍ

አንድ ጣሳ ጤፍ ሊያሰቅለኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ላይ ለአንድ ጣሊያን ሐኪም አስተርጓሚ ነበርኩ። ሰውዬው መድኃኒት አይሰጥም፤ ሥራው ሰው ከምግቡ ጋር ምን ያህል ብረት፣ ምን ያህል እርሳስ እንደሚበላ መመርመር ነው። ትክል ድንጋይ አጠገብ ወዳለ መንደር ይዤው ሄድኩና "ከየቤታችሁ አንድ አንድ ጣሳ ጤፍ ስጡት" አልኳቸው። ሰጡት፤ ጭኖ ሄደ።

በሳምንቱ እየጮኸ ጠራኝ። "ይህ ሕዝብ ማለቁ ነው! በሁሉም ቤት ጤፍ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ያውም እኩል! ከየት እንደመጣ ጠይቀህ ና!" ደንግጬ ወደ መንደሩ ሽማግሌ፣ ወደ አያ ተገኘ ገሰገስኩ።

"አያ፣ ምነው የሁላችሁም ጤፍ አንድ ሆነ?"

"ታዲያ ለእንግዳ ጥቁር ጤፍ ይሰጣል እንዴ? ነጭ ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው። ሁሉም ከኔው ጎታ እየተበደረ ሰጠው።"

"እርሳሱስ?"

እጃቸውን እስከ ብብታቸው ጎታው ውስጥ ከተቱና አንድ እፍኝ የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት አወጡ። ሐኪሙ ይህን ቢሰማ መንደሩ ይቃጠላል፤ እኔንም ገመድ ይጠብቀኛል።

"ኧረ አያ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? እርሳስ ይበላሉ ብሎ እኮ አዝኖላችኋል!"

አያ ተገኘ ጥይቱን በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ጎታው መለሱት።

"አይዘን በለው። እኛ አንበላውም፤ ለእንግዳ ያስቀመጥነው ነው።"