በጠፍር የሚሰፋው ጎማ

ሐጂ ጁነይዲ የመካነ ኢየሱስ የቆዳና የእህል ነጋዴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በበቅሎ ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዙ። የሚወዳቸው ሰው “ቆጣቢ” ይላቸዋል፤ የማይወዳቸው የሚለውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

በ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት በገባ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ እኒህ ሰው በደብረ ታቦር መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ልጃቸው ነፊሳ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አዋላጆቹ ከአቅማችን በላይ ነው፣ ሐኪም ዘንድ አድርሷት ስላሉ፣ ለገበያ ተጭኖ ባደረው መኪና ላይ ከጆንያዎቹ በላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ከእናቷ ከረሺዳ ጋር ተሳፈረች። ሹፌሩ አለሙ ጭነቱን እናራግፍ ቢል፣ ሐጂ “መሄዳችን ካልቀረ ምን በወጣው ባዶ ይሄዳል?” ብለው ከለከሉት። ግማሽ መንገድ እንደደረሱ ስለታም ድንጋይ የፊተኛውን ጎማ ጎኑን ቀደደው።

አለሙ ጎማውን ሲፈታ ሐጂ ከጋቢናው ወስፌና አንድ ጥቅል ጠፍር አወጡ። ከዚህ ቀደም በበጋ የተቀደደ ጎማ በጠፍር ሰፍተው ሁለት ገበያ ሠርተውበታል፤ ይህንንም በየድግሱ ያወሩታል። ወስፌውን ገና ሳይሰኩ አንድ ወጣት ከወዲያ ማዶ በእግሩ ሲመጣ ታየ። ደምሌ ይባላል። ባሕር ዳር የመኪና ጥገና ተምሮ ወላጆቹን ሊጠይቅ ወደ እስቴ መሄዱ ነበር። እንደ አገሩ ወግ እጅ ነስቶ የቤተ ሰቡን ጤና ጠየቀ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ሰላምታውን አሳጠረና በጎማው አጠገብ ተንበረከከ።

“ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የሚሰፋ አይደለም፤” አለ። “የሚረግጠው ፊቱ ላይ ምስማር ወግቶት ቢሆን እኔው ለጥፌ እሰጥዎ ነበር። ይህ ግን ጎኑ ነው። እጅዎን ይስጡኝ፤ ይኸው ክሩ ተበጥሷል። ጎማን የሚይዘው ክሩ ነው።”

ሐጂ ጣታቸውን በቅዳዱ አስገብተው ዳሰሱና ቶሎ አወጡት።

“ልጄ፣ ተምረሃል፤ አላህ ይጨምርልህ። ነገር ግን ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው በምንድን ነው? በጠፍር አይደለም? ሁለት በሬ ጎትቶ ያልበጠሰውን ነፋስ ይበጥሰዋል?”

ከላይ ነፊሳ ቃተተች። ሐጂ ቀና ብለው ለማየት ድፍረት አጡ። ሰው ሲፈራ የለመደውን ነገር ሙጥኝ ይላል፤ ሐጂም ወስፌውን የያዙት እንደዚያ ነበር።

“ስለ ቆዳ ለእርስዎ እኔ አልነግርዎትም፤” አለ ደምሌ በትሕትና። “አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከፊታችሁ ወንዝ አለ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል፤ እኔ ስሻገረው እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ጠፍር ውኃ ሲጠጣ ምን ይሆናል?”

ሐጂ በእጃቸው የያዙትን ጠፍር አሹት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየገበያው እርጥብ ቆዳ ካመጣ ገበሬ ጋር የተከራከሩበት ነገር ነው።

“ይለጠጣል፤” አሉ ቀስ ብለው።

“ከወንዙ ወዲያ ዳገት፣ ከዳገቱ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ቀኙ ገደል። የላላው ስፌት የሚተረተረው እዚያ ነው። ደግሞ የፊት ጎማ ነው፤ ሲፈነዳ መሪው ከሹፌሩ እጅ ያመልጣል። ስኮርታ የላችሁም?”

አለሙ መሬት መሬት አየ። መለዋወጫው ስኮርታ ጎማ አለ፤ ያውም ገና መሬት ያልነካ አዲስ። ሐጂ ሹፌሩ በሆነው ባልሆነው እንዳያወጣው ብለው ከሠላሳ ጆንያ ሥር አስቀብረውታል።

“አለ፤” አሉ ሐጂ። “እሱን ለማውጣት ግን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስፌቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ልጄ ሁለት ሰዓት ባይኖራትስ?”

ይህ የንፉግ ክርክር አልነበረም፤ የአባት ፍርሃት ነበር።

“እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው፤” አለ ደምሌ። “ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ሁለቱን ሰዓት በሰው ብዛት ማሳጠር ይቻላል። ገደሉን ግን ማንም አያሳጥረውም።”

ሐጂ ያን ጊዜ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩአት። ፊቷ አመድ መስሏል።

“ጎማዬን ከጆንያ ሥር ደበቅሁ፤ ልጄን ከጆንያ ላይ አስተኛሁ፤” አሉ። “አውርዷት። ጆንያውንም ጣሉት።”

ነፊሳን በፍራሹ አውርደው ከዋንዛ ጥላ ሥር አስተኟት። ደምሌ በአቅራቢያው የሚያርሱትን ገበሬዎች ተጣራ፤ ጓዴ የሚባለው ጎልማሳ ከነወንድሞቹ በሬ ፈትቶ መጣ። እህሉ በመንገድ ዳር ተከመረ፤ ጓዴም እጠብቀዋለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። ሐጂ ጆንያ ከሰው እኩል ተሸከሙ፤ ይዝነብበት አይዝነብበት ብለው አልጠየቁም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች አለቀ።

አዲሱን ጎማ ገጥመው፣ ነፊሳን መልሰው አሳፍረው ወንዙን ተሻገሩ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ረሺዳ ዱዓ ታደርጋለች፤ ሐጂ ግን ዓይናቸውን ከፊተኛው ጎማ አልነቀሉም። ደምሌም መንገዱን ትቶ አብሯቸው ተመልሶ ነበር። ነፊሳ ከቀትር በኋላ ሐኪም እጅ ገባች፤ ለዓይን ሲይዝ በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናትም ልጅም ተረፉ።

ከዚያ ወዲህ በሐጂ ቤት ደንብ ወጣ። በምስማር የተበሳ ይለጠፋል፤ ጎኑ የተቀደደ አይሰፋም፣ በረባሶ ለሚሠራው ይሸጣል፤ ስኮርታውም ከጭነት ሥር አይገባም። ይህ ደንብ ብዙ ጥቅም አመጣ። መኪናው በመንገድ የሚያድርበት ቀን ቀረ፤ አለሙም ቁልቁለት ሲወርድ መሳቀቁን ተወ። ጎረቤት ነጋዴዎችም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

አንድ ቀን በገበያ አስናቀ የሚባል ባለ መኪና፣ “ሐጂ፣ ያን ቀን እኮ ስፌቱም ያደርስዎት ነበር ይሆናል፤” አላቸው።

“ያደርሰኝ ይሆናል፤” አሉ ሐጂ። “እኔ ግን ‘ይሆናል’ን በልጄ ነፍስ አልገዛም።”