በረዶ የማይቆይበት ጣሪያ

ሰው ቤቱን ሊሸጥ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያሳምረው ለራሱ ዓይን ደስ የሚለውን ነው፤ ገዢ ግን በሌላ ዓይን ያያል። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ጋሽ ኡርሆ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በስሕተታቸው ነው።

ባለፈው የካቲት፣ በረዶው ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ፣ የቀለም ብሩሽ ልገዛ ከእኅቴ ልጅ ከሂልያ ጋር ሃንኮክ ከተማ ወረድኩ። ሂልያ የቤት አሠራር ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ ዛሬ ቤት ሻጮችን «ይህን አድሱ፣ ያንን ተዉ» እያለች የምታማክር ልጅ ናት። ሱቁ ውስጥ ጋሽ ኡርሆ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ እንደ ፈረስ አንገት ሲደባብሱ አገኘናቸው።

«መምህር! ና እስቲ እይልኝ! ይሄ ማድ ቤቴ ውስጥ ሲነጠፍ ገዢ በሩ ላይ ይሰለፋል።»

«ለመሸጥ ቆረጡ እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ?» አሉ፣ የሚስታቸው ነገር ከብዷቸው። «የሌምፒ ጉልበት ደረጃ እምቢ አለ። መኝታውም መታጠቢያውም ፎቅ ላይ ነው፤ ትናንት እየዳኸች ነው የወጣችው። ልጃችን ሰፈር ደረጃ የሌለው ቤት አግኝተናል፤ ባለቤቱ እስከ ግንቦት ይጠብቀናል። የኛ እስከዚያ ካልተሸጠ አለቀልን። ሁለት ሰዎች አይተው ሄዱ፣ ቀሩ። ማድ ቤቱ አርጅቶባቸው ነዋ!»

ሂልያ ድንጋዩን አየችና፣ «ጋሼ፣ ይሄን ከገዙ ለሌላ ሥራ የሚተርፍ ገንዘብ አለዎት?» አለች።

«የለኝም። አንድ ነገር ነው የምችለው።»

«እንግዲያው ሳይከፍሉ በፊት ቤቱን ልየው።»

«እዚያው ተወልጄ እዚያው ያረጀሁትን ሰውዬ፣ ቤቴን አንቺ ልታሳይኝ?»

«እርስዎ ከውስጥ ነው የሚያውቁት። ገዢ የሚጀምረው ከውጪ ነው።»

ቅር እያላቸው ለሻጩ «አቆይልኝ» ብለው ተከተሉን። ሰፈር ስንደርስ የሁሉም ጣሪያ ወፍራም በረዶ ተሸክሟል፤ የጋሽ ኡርሆ ብቻ እርቃኑን ቆሟል። እርሳቸውም ደረታቸውን ነፉ።

«ይኸው! ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ በረዶ የሚያራግፈው የኔ ጣሪያ ነው። የአባቴም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ሙቅ ቤት ማለት ይሄ ነው!»

በእኛ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ ይህ ትልቅ ኩራት ነው። እኔም ብሆን፣ መምህር ነኝ እያልኩ፣ በዚህ ጣሪያ ስቀና የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አይቆጡኝና፣ በረዶውን ያቀለጠው ምንድን ነው?» አለች ሂልያ።

«ሙቀት ነዋ!»

«የማን ሙቀት?»

«የኔ! የራሴ ምድጃ!»

«ታዲያ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? እሳቱን የሚያነዱት ለእትዬ ሌምፒ ነው ወይስ ለሰማዩ?»

«ምላስሽ ረዝሟል፣ አንቺ ልጅ።»

«የጣሪያው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለውን በረዶ ይዩት። ከላይ የቀለጠው ውኃ እዚያ ሲደርስ መልሶ ይረጋና ግድብ ይሆናል። ከኋላ የሚመጣው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል።»

«እሱንማ መሰላል አቁሜ በመጥረቢያ እፈልጠዋለሁ!»

«መሰላሉን ማን ይይዝልዎታል?»

የመለሰው በሩ ነው፤ እትዬ ሌምፒ ከፍተው ቆመዋል።

«ማን ይይዝለታል? እኔ ነኛ፣ በዚህ ጉልበቴ! እንዳይወድቅብኝ እየጸለይኩ። ግቡ በሉ፣ ኒሱ ዳቦው ገና ከምድጃ መውጣቱ ነው።»

ጣፋጩን ዳቦ ቀማምሰን ፎቅ ወጣን። የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ ላይ አዲስ ጣውላ ተለጥፏል።

«ከሥሩ ያለውንም አሳያት እንጂ» አሉ እትዬ ሌምፒ ከታች ሆነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!»

«አልልም! ውኃ ነው የሚያንጠባጥበው። እነዚያ ሊገዙ የመጡት ሰዎች እንደገቡ ሽቅብ ጣውላውን አይተው ተያዩ። ማድ ቤቴንማ ማን ዞር ብሎ አየው?»

ላዩ በጣውላ አምሮ ውስጡን ለቄስ! ይህ የጋሽ ኡርሆ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም አመል ነው። የሚያፈሰውን ከመድፈን መሸፈን ይቀለናል።

ሂልያ የኮርኒሱን መውጫ ስትከፍት የጣሪያው ሥር እንደ ሳውና፣ እንደ እንፋሎት መታጠቢያችን፣ ሞቋል። ጋሽ ኡርሆ አንገታቸውን አስገብተው ቆዩ።

«ይሄን ሰጋቱራ፣ ሙቀት እንዲይዝልን ብሎ፣ አባቴ በጆንያ ተሸክሞ ነው እዚህ ያፈሰሰው» አሉ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«በዘመናቸው ከነበረው የተሻለውን አድርገዋል፣ ጋሼ። ግን ከጊዜ ብዛት ሰጋቱራው ሟሽሿል። እጅዎን ይስደዱበት።»

ሰደዱት። ጣታቸው ወዲያው እንጨት ነካ፤ እንጨቱም ርሷል። ያንን እርጥብ ጣት አዩት፣ አዩት፤ ከዚያ፣ «ዕድሜ ልኬን ሰማይ ሳሞቅ ኖሬአለኋ!» አሉ። አንጀቴን በሉት።

«ድንጋዩስ ታዲያ?» አሏት ሂልያን።

«ገዢ ጥቁር ቢያነጥፉለት ነጭ ነው የምፈልገው ይላል። ደረቅ ኮርኒስ አልፈልግም የሚል ገዢ ግን አላየሁም። ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውሉት። ለማድ ቤቱ ቀለም ይበቃዋል፤ እኔው እቀባዋለሁ።»

«ሳውናውንም ልነቅለው ነበር...»

«ጋሼ! እዚህ አገር ሳውና የሌለው ቤት ማን ይግባበት?»

እትዬ ሌምፒ ከታች ሲስቁ ተሰማ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ኡርሆ ግን ሞኝ አልነበሩም፤ ሱቅ ደውለው «ድንጋዩን ለሌላ ሽጠው» አሉ።

በመጋቢት ሠራተኞች መጥተው ክፍተቱን ሁሉ ደፈኑ፤ ጣሪያው ሥር ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ጥጥ መሳይ ነገር ሞሉ፤ የበሰበሰውን ቀየሩ። ሚያዝያ ላይ እንደ ልማዱ ዘግይቶ በረዶ ጣለ፤ በማግስቱም ባልና ሚስት ቤቱን ሊያዩ መጡ። ጋሽ ኡርሆ በመስኮት እያዩ ተጨነቁ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ነጭ ሆኖ ሰው ሊያየው ነው። ሰውዬው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት መንገድ ላይ ቆሞ ሽቅብ ተመለከተ።

«አየሽ፣ በረዶውን ይዞታል» አላት ሚስቱን። «ደኅና ቤት ነው፤ እንግባ።»

በዚያው ሳምንት ተስማሙ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ስታድስ እንግዳ ከሚያደንቀው በፊት ዝናብና ብርድ የሚያስገባውን ድፈን። ቤትህን ብትሸጠው ዋጋ ያወጣልሃል፤ ባትሸጠውም ሞቀህ ትተኛለህ። የተረፈህ እንደሆነ ያን ጊዜ ድንጋይ ግዛ፣ ማን ከለከለህ?

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል አዲሱ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ሌምፒ ናቸው፤ ግድግዳ ሳይዙ፣ እያዘገሙ በገዛ እግራቸው መጥተው። ጋሽ ኡርሆ ጓዳ ጎድጓዳውን ያተራምሳሉ።

«መሰላሌ የት ገባ?» ይላሉ።

«ቤቱን ለገዙት ሰዎች ሰጠኋቸው» አሉ እትዬ ሌምፒ።

«ምን ይሠራላቸዋል? ጠርዙ ላይ የሚፈለጥ በረዶ የለ!»

«ለዚያ ነዋ የሰጠኋቸው። እነሱ አይወጡበትም፤ አንተን ነው የማላምንህ።»

ጋሽ ኡርሆ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የሚስታቸውን እግር አዩና ሣቁ።