በዜማ የተጠና የይለፍ ቃል

የኔታ ኃይለ ሚካኤል በመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ከአውቶብስ ሲወርዱ ውባለምን አገኟት። ኮምፒዩተር ተምራ የመጣች የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ትምህርታቸውን የጨረሱ ደቀ መዛሙርታቸው ምስክርነት የሚመዘገብበትን ድረ ገጽ የሠራችላቸውም እሷው ነች። ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ፊታቸው ከልቅሶ የሚመለስ ሰው ፊት ሆኖ አየችው።

«ምነው የኔታ፣ ደኅና አይደሉም?»

«ምን ደኅንነት አለ ልጄ! ተማሪዬ ቀለመ ወርቅ ቁራሽ እየለመነ ዘጠኝ ዓመት ድጓ ተማረ። አንድ ደብር መምህር አድርጎ ሊቀጥረው ሲል ከመዝገብሽ ስሙ ታጣ። በሱ ፈንታ ደጄን ረግጦ ለማያውቅ ሰው ተመስክሮለታል።»

ውባለም ስልኳን ከፍታ መዝገቡን ፈተሸች።

«የሰረዘው ሰው ስም ተጽፏል።»

«ማነው ከሐዲው?»

«እርስዎ ነዎት ይላል፣ የኔታ።»

«እኔ? እጄ ይቆረጥ!»

«በእርስዎ የይለፍ ቃል የገባ ሁሉ በእርስዎ ስም ነው የሚጻፈው። ለማን ነገሩት?»

«ለማንም! እንዳይጠፋኝ ብዬ ተማሪዎቼን አስጠናኋቸው እንጂ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንዴት ይጠናል? እየጮኹ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር በዜማ ይሉታል።»

በአብነት ትምህርት ቤት ጮኾ ያላጠና ይረሳል። የኔታም ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሥርዓት ለይለፍ ቃሉ አዋሉት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ውኃ ቀጂውም መንገደኛውም ሰምቶታል።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መግቢያ ላብጅ ስልዎት፣ ‹ባንድ ገበታ እየበላን ምን መደባበቅ ነው› አሉኝ። እሺ ብዬ መተዌ የኔም ጥፋት ነው። ሁሉም በየስሙና በየቃሉ ይግባ፤ ቃሉ እኔ እንኳ እንዳላነበው ተመስጥሮ ይቀመጥ። ተማሪው ይይ እንጂ አይሰርዝ። እርስዎ ሲመሰክሩም ማረጋገጫ ቁጥር በስልክዎ ይምጣ።»

«ይህ የማይተማመኑ ሰዎች ሥርዓት አይደለምን?»

«መቅደስ ካህን ብቻ መግባቱ ምእመኑን ሌባ ማለት ነውን፣ የኔታ?»



«እውነትሽን ነው፤ ዛሬውኑ አብጂው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም።»

«የቀለመ ወርቅንም ስም እመልሳለሁ።»

«መልሺው። እኔ ደብሩ ድረስ ሄጄ በቃሌ መስክሬለት መምጣቴ ነው። አለቃው ምን አለኝ? ‹የሰረዙትም እርስዎ፣ የሚመሰክሩትም እርስዎ፤ የቱን እንመን?›» አሉና እንባቸው ቀደማቸው።

የእያንዳንዱ መግቢያ ተለየ። ከዚያ ወዲህ አንድም ስም አልጠፋም፤ ያልተማረ አልተመሰከረለትም፤ ማን ምን እንደ ሠራም ይታወቃል። ቀለመ ወርቅ ግን ወደ የኔታ ደጅ አልተመለሰም። የሰረዙት እሳቸው መሆናቸውን ከመዝገቡ በዓይኑ አንብቧል።