ለሶፋው የተሰጠች ፀሐይ

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አንዲት ሴት ከቤታችን ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቤታችንን ስትስል አገኘኋት። ከኋላዋ ቆሜ ስዕሉን አየሁት።

«እትዬ፣ የሳሎኑን መስኮት ረስተውታል» አልኳት።

«መስኮት ነው እንዴ? መጋረጃው ከመክበዱ የተነሳ ግድግዳ መስሎኝ።»

አርክቴክት ናት። የጎረቤታችንን የጥርስ ሐኪሙን ቤት ልታይ መጥታ እሱ ስላረፈደ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ያገኘችውን ትስላለች። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ሰኞ ግንበኛ ሊመጣብን ነው። አያቴ ሳሎኑን ሊያሰፉ ቆርጠዋል፤ አዲሱ ግድግዳ የሚያርፈው ደግሞ እናቴ ልብስ የምትሰፋበት የጓዳ መስኮት ላይ ነው። የእናቴ ዓይን ደክሟል። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ «ብርሃን ካላገኘሽ ስፌቱን ተዪው» አላት። ከተወችው ምን እንደምንበላ ግን አልነገራትም።

እኔ ብናገር አያቴ «አንቺ ምላሳም» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ስለዚህ «ይግቡ፣ ውሃ ይጠጡ» ብዬ፣ የእናቴን ነገር በር ላይ ሹክ ብያት፣ የተማረ ሰው ይዤ ገባሁ።

አያቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ቤቱንም እንደ አውቶቡስ ነው የሚያስተዳድሩት። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እንግዳ በመሆኗ ሳሎኑ ተከፈተላት። የሶፋው ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም።

«አርክቴክት ከሆንሽማ እሰየው ልጄ። ይሄን ግድግዳ ወደዚያ ገፋ አድርጌ ሁለተኛ ሶፋ ላስገባ ነው። እንዴት አየሽው?»

«ጥሩ ነው አባባ። ማን ይቀመጥበታል?»

«እንግዳ ነዋ።»

«መጨረሻ የመጣው መቼ ነበር?»

አያቴ ጣሪያውን አዩ። «አጎቴ ያገባ ጊዜ» አልኩ እኔ፣ ላግዛቸው ብዬ።

«አንቺ ምላሳም። የቤት ክብሩ ሳሎኑ ነው፣ ልጄ። መጋረጃውንም የዘጋሁት ፀሐይ የሶፋውን ቀለም እንዳትበላው ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር፤ ሰው ማሳመን የምትችለው ለዚህ ይመስለኛል።

«እኔን ቤት መንደፍ ያስተማረችኝ ድመት ናት» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ አልገባሽም እንዴ?» አሉ አያቴ ደንግጠው።

«ገብቻለሁ፤ ድመቷ ቀደመች እንጂ። ልጅ ሆኜ ድመታችን ሙቀት ፍለጋ ቦታ ስትቀያይር እየተከተልኩ የተኛችበትን ሁሉ በጠመኔ እከብ ነበር። ሲመሽ ወለላችን ላይ የፀሐይዋ መንገድ ተስሎ ተገኘ። እናቴ ገረፈችኝ፤ እኔ ግን ቤት በሰዓት እንደሚለዋወጥ ያኔ ገባኝ። ኋላ ደግሞ አንድ አስተማሪ ነበሩን። ግድግዳ ስለን ስናሳያቸው ወረቀቱን ይመልሱልናል። ‹ሰውየው የታለ? እጁ ምን ይሠራል? እሱን ሳሉ፣ ግድግዳው ይደርሳል› ይሉናል። እስከዛሬም ሌላ ጥበብ የለኝም፤ መጀመሪያ ሰውየውን እስላለሁ። እዚህ ቤት ብሆን ልብስ ሰፊዋን እዚህ መስኮት ሥር እስላት ነበር።»

እንዲህ ያለ ነገር ትምህርት ቤት ቢነግሩኝ ኖሮ አላቋርጥም ነበር።

አያቴ ግን በዋዛ እጅ አይሰጡም። «ድመት ሰው አይታዘባትም። እኛን ይታዘበናል። ክርና ቁርጥራጭ የተዝረከረከበት ቤት ገባሁ ብሎ ያወራል።»

«ልክ ነዎት፣ የሰው ወሬ ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ ልጅዎ የምትሠራበት ቦታ ይቀመጡና መርፌዋ ላይ ክር ያስገቡላት።»

ጓዳ ገባን። እናቴ ግራ ገብቷት ወንበሯን ለቀቀች። አያቴ ክሩን በምራቃቸው አርሰው ወደ መርፌው ሰደዱት፤ ሳተ። ወደ መስኮቷ ዞሩ፤ ሳተ። መነጽሬን አምጪ አሉኝ፤ አሁንም ሳተ።

«አባዬ ይተዉት» አለች እናቴ። «እኔ ለምጄዋለሁ። በዳሰሳ ነው የማስገባው።»

አያቴ መርፌውን እንደያዙ ቀሩ። «በዳሰሳ? ከመቼ ጀምሮ?»

እናቴ ጨርቁን አጣጠፈች።

አያቴ ተነስተው ሳሎን ገቡና መጋረጃውን በገዛ እጃቸው እስከ ጥግ ሳቡት። አቧራው አስነጠሰን። መስኮቱ ሥር ቆመው ክሩን ሰደዱት፤ ገባ። «የስፌት መኪናዋ በየት በኩል ቢሆን ይሻላል?» ብለው ጠየቁ።

ሴትዮዋ እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ በየትኛው እጇ እንደምትቆርጥ፣ ጨርቁ ወደየት እንደሚወርድ አይታ ነደፈች። መኪናው መስኮቱ ሥር ሆነ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ የሚታጠፍ ሆነ፣ አልጋዋ ስፌቱ ወደ ለቀቀው ጓዳ ሄደ፤ ለተኛ ሰው ብርሃን ምን ያደርግለታል? ሰኞ ግንበኛው መጥቶ፣ ግድግዳ ሳይነካ፣ ጠረጴዛውን ብቻ ተሸክሞ ሳሎን አስገብቶልን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሥራዋን በቀን ታጠናቅቃለች፣ ራስ ምታቷም ቀሎላታል። ደንበኞች የጨርቁን ቀለም በብርሃን አይተው ስለሚመርጡ ጭቅጭቅ ቀርቷል። አያቴ የፈሩት እንግዳም መጣ፤ ሱሪ አሳጥሮ ሄደ። አሁን አያቴ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ «ቤት ለሚኖርበት ሰው ነው» ይላሉ፣ ከሆዳቸው እንዳመነጩት። እኔም ይሁን ብያለሁ።

እናንተም ቤት ልታድሱ ስታስቡ፣ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ቤቱን የሚያኖረው ሰው ወንበር ላይ ትንሽ ቁጭ በሉ። ጉዳቱ ለኔ ነው የተረፈው፦ እናቴ ብርሃን ካገኘች ጀምሮ የአንገቴን እድፍ ገና ከበር ስገባ ታየዋለች።