የማያውቅ አድማጭ

«አቦይ ካልተቀመጡልኝ አላነብም» አለች ትርሓስ፣ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን በጣቷ እያሳየች። «አቦይ» የምትለኝ አባቴ ለማለት ነው፤ እኔ መካኒሳ ያለው የዚህ አዳራሽ ጥበቃ ነኝ። ከኤርትራ ተሰደው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ይማሩበታል፤ ትርሓስም አንዷ ናት። መምህሩ ሳቀ። «እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?» አለኝ። «አማርኛውንም አላነብ» አልኩት። «ለዚህ እኮ ነው፤ ስሳሳት አያውቁብኝም» አለች። ሰኞ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለሥራ ሊፈትናት ቀጠሮ ሰጥቷታል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ መነጋገር ነው። እሷ ደግሞ ሰው ፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ ደፍራ ተናግራ አታውቅም።

ገብቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። መምህሩ አንዲት ሴት ወደ ሥራ ስትሄድ የገጠማትን የሚተርክ ወረቀት ሰጣት። ማንበብ ጀመረች። መሀል ላይ ቆመች። ከኋላ ያሉት ቃሉን ሊነግሯት ሲንሾካሾኩ ጭራሽ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ጨነቀኝ። «ወረቀቱን ተይውና ወሬውን ንገሪኝ፤ ሴትዮዋ ምን ሆነች?» አልኳት። በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ መሪ እንደያዘ ሰው እጇን አዞረች፣ ጣቶቿንም ከላይ ወደ ታች አወረደቻቸው። «ታክሲ አመለጣትና ዝናብ መታት?» ስል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀችና ቀጠለች። ያልገባኝን እኔ በአማርኛ ስጠይቅ እሷ በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ ወረቀቱ መሬት መውደቁን እንኳ አላየችም።

«ሰኞም እንደዚሁ ተናገሪ» አላት መምህሩ፣ ተማሪዎቹ ሲወጡ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝና እጄን ያዘች። «አቦይ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም ይግቡልኝ፤ ብቻ አደራ፣ እንግሊዝኛ እንዳይለምዱብኝ።»