ጌጁ ሲወርድ

አውሮፕላኑ ከመንገድ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ፣ ከተሳፋሪው ሁሉ ይበልጥ የከፋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች የስምሪት አለቃ ናቸው። መሪ ይዘው በኖሩበት ዘመን ጀምረው የተዉት መንገድ ስለሌለ ሾፌሮቹ ከኋላቸው «አይመለሴ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «አለቃ» ነው የሚሏቸው።

የከፋቸው ስለ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። የሚሄዱት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ጉዳያቸውም የገዛ እህታቸውን ልጅ ከሥራ ማስወጣት። ልጁ በቀደም «ነዳጅ የሚያፈስ መሰለኝ» ብሎ ሰው የሞላበትን አውቶቡስ ከመንገድ መልሶ ገባ። መካኒኮቹ ከሥር ገብተው ቢያዩ አንዲት ጠብታ አጡ። አለቃ ለዘመድ አዳሉ እንዳይባሉ ፍርዱን አከበዱት። እህታቸው ብታለቅስም አልሰሟት። ይህን በሆዳቸው ይዘው ተሳፍረው ሳለ ነው እንግዲህ አውሮፕላኑ ራሱ በነዳጅ ሰበብ የተመለሰው።

ሰዉ በመቆያው አዳራሽ ተቀምጦ ያጉረመርም ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ካፒቴኑ ረዳት አብራሪዋን እንድታስረዳ ላካት። ወጣት ናት። አውሮፕላኑ ምርመራ ላይ መሆኑን ተናግራ ስትጨርስ ከሽማግሌው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። የድሮ ጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረች።

«እኔው ነኝ። አንቺ ነሽ ለካ ከሰማይ ያወረድሽኝ።»

«ካፒቴኑና እኔ ነን። በደኅና ነው ያወረድንዎ።»

«የሄደ ሰው ሊደርስ እንጂ በደኅና ሊመለስ አይሳፈርም» አሉና አጠገባቸው ያለውን ወንበር ጠቆሟት።

ተቀምጣ የሆነውን ነገረቻቸው። በበረራ ላይ ሞተሮቹ ያቃጠሉትና በጋኖቹ የቀረው ነዳጅ በየጊዜው ይደመራል፤ ድምሩ ሲነሡ ከያዙት ጋር መግጠም አለበት። ዛሬ ጎደለ። የግራው ክንፍ ጋን ከቀኙ ፈጥኖ ይወርድ ነበር። ቆይተው ዳግመኛ ቢያሰሉ ጉድለቱ ሰፋ። ከክንፉ ኋላ የሚተን ነገር ካለ አስተናጋጇ በመስኮት እንድታይ ላኳት፤ ምንም አላየችም። ያም ሆኖ ተመለሱ።

አለቃ ሳቁ። እሳቸው ሁለት ጋን ያለው የጭነት መኪና ሲነዱ፣ የነዳጅ መለኪያው ጌጅ ሲወርድ መስታወቱን በጣት መታ መታ ማድረግ ነው፤ እምቢ ካለ ጋኖቹን የሚያገናኘውን ቧንቧ ከፍቶ መንገድ መቀጠል።

«እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ቧንቧ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ከሙሉው ለጎደለው መስጠት ነዋ። ወንድም ለወንድሙ ካልደረሰ ምኑን ወንድም ሆነው?»

«የጎደለው ሞተሩ ስላቃጠለው ከሆነ እንሰጠዋለን፣ ጋሼ። ስለሚያፈስ ከሆነስ? በቀዳዳ ባልዲ ላይ ከሙሉው ቢገለብጡ ሁለቱም ባዶ ይቀራሉ። አለመፍሰሱ ሳይታወቅ ያንን ቧንቧ አንከፍትም።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። ይህን አስበውት አያውቁም። ነገር ግን ቶሎ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

በዚህ መካከል አንድ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። የሚፈስ ነዳጅ እንደሌለ፣ የተበላሸው የግራው ጋን መለኪያ እንደሆነ ተናገረ። አንድ ነጋዴ ከኋላ «ለመርፌ ስሕተት ነዋ ይህን ያህል የተንከራተትነው» አለ። አለቃም ክርክር እንደረታ ሰው እግራቸውን ዘረጉ።

«ሰማሽ? ጠብታ የለም። የእህቴም ልጅ እንዲሁ ነው የሠራኝ» ብለው ያሰቡትን ሁሉ አጫወቷት። «እናንተንስ አለቆቻችሁ ምን ያደርጓችኋል?»

«ምንም። መለኪያው ይቀየራል፤ እንሄዳለን።»

«በከንቱ ተመልሳችሁ?»

«ዛሬ ካፒቴኑን ቢቆጡት፣ ነገ ጌጅ ሲወርድበት አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ነዳጁ ሳይሆን ስለ ቁጣው ነው። ቁጣውን ሲያሰላ ነዳጁ ያልቃል።»

«እንዲያ ከሆነማ ሰነፉ ሁሉ ብሎን በተንቋቋ ቁጥር ይመለሳል። ተሳፋሪ መንገድ ላይ ሊያረጅ ነው።»

ይህ ሊናቅ የሚችል ክርክር አይደለም፤ እሷም አልናቀችውም። ፈሪንና ጠንቃቃን የሚለየው በኋላ የተገኘው ነገር ሳይሆን ሰውየው ከመመለሱ በፊት ያደረገው ነው አለቻቸው። ምን አየህ? በምን አረጋገጥህ? ፊትህ ያለው መንገድ እንዴት ያለ ነበር? ተብሎ ይጠየቃል። መልስ ያጣ ያን ጊዜ ይወቀስ።

«የእህትዎ ልጅ ከመመለሱ በፊት ምን አደረገ?»

አለቃ ይህን አያውቁም። ለካ መካኒኮቹን ጠየቁ እንጂ ልጁን አልጠየቁትም።

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለት። ልጁ መርዶ እንደሚጠብቅ ሰው በቀስታ አነሣ። ሲጠይቁት ሁሉንም ተናገረ። ጧት ጋኑን ያስሞላው ራሱ ነው። በሄደበት መንገድ ከግማሽ በላይ ሊቀረው ሲገባ መርፌው ወደ ታች ወርዷል። አቁሞ ከሥር ገባ፤ ቧንቧዎቹን በደረቅ ጨርቅ ዳሰሰ፤ ጨርቁ አልረጠበም። ጥቂት ነድቶ ቢያይ መርፌው ይባስ ወረደ። ፊቱ ያለው ማደያም ቤትም የሌለበት ረጅም ቁልቁለት ነው።

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቁኝ፣ አጎቴ?»

«ጌጁስ ተሠራ?»

«ማን አይቶት? አውቶቡሱ ዛሬም ሌላ ሾፌር ይዞት ወጥቷል። ጌጁ ቢወርድም አይመለስም። የኔን አይቷል።»

አለቃ ከወንበራቸው ተነሡ። አውቶቡሱን ወደ ያዘው ሾፌር ደወሉ። ጋኑን መቼ አስሞላህ ቢሉት ትናንት መሰለኝ አለ። ጌጁስ? ሲሉት መጀመሪያ ደኅና ነው አለ። «የምቆጣህ ዋሽተህ እንደሆነ ነው» ሲሉት እውነቱ ወጣ፤ መርፌው ከጧት ጀምሮ ባዶ ይላል፣ እሱም ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደርሷል። ወዲያው እንዲያቆምና ከኋላ የሚመጣው አውቶቡስ ነዳጅ ይዞለት እስኪደርስ እንዳይነቃነቅ አዘዙት። ኋላ ጋኑ በዘንግ ሲለካ ዘንጉ ጫፉ ብቻ ረጥቦ ወጣ። ያን ዕለት ጌጁ እውነቱን ነበር።

ረዳት አብራሪዋ ሥራዋ ጠርቷት ስትነሣ፣ አለቃ እጇን ይዘው «አስተማርሽኝ፣ ልጄ» አሏት።

አውሮፕላኑም ተነሣ፤ እሳቸውም ደረሱ። በዋናው መሥሪያ ቤት ግን ሊሉ የሄዱትን አላሉም። ልጁ ወደ መሪው ይመለስ፣ ጌጆቹ ሁሉ ይመርመሩ፣ ተጠራጥሮ የተመለሰ ሾፌር ያደረገውን ይጠየቅ እንጂ አይቀጣ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቷቸው፣ ሁሉም እየተነሣ ቢመለስስ? ሲሏቸው፦

«ይመለስ። የተመለሰ አውቶቡስ ነገ ይወጣል» አሉ።

መጀመሪያ ላይ በከንቱ የተመለሱ ነበሩ፤ አለቃ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዳምጧቸው ነበር። ውሎ ሲያድር ግን ሾፌሮቹ ብልሽትን መደበቅ ተዉ። ጫካ ለጫካ ይጠገን የነበረው በጋራዥ ግቢ መጠገን ያዘ። ሕፃን ታቅፋ መንገድ ዳር የምታድር ተሳፋሪ ቀረች፤ የሾፌሮቹም ቤተሰብ አባወራው የሚገባበትን ቀን ማወቅ ጀመረ። አሁን አለቃ ጧት ጧት በግቢው በር ቆመው ለሚወጣው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦

«ከተጠራጠርክ ቆመህ ደውል። የምጠይቅህ ያየኸውን ነው።»