ምንም ያላበላሸ ሰው

«እንዴት አደርክ ሞሲሳ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትህ ከሚሪያስ ከሌሊት ሺፍቷ ገባች? … እሰይ። ፀሐይዋን ደግሞ ዛሬ ምን ነካት? ከትናንት ወዲያ በረዶ ስጠርግ ነበር እኮ፤ አሁን በሹራብ ቆሜያለሁ። የሚኒሶታ ነገር ካልሰነበቱበት አይገባም። መሰንበት ደግ ነው፣ አይደል? ሰው ሲሰነብት ብዙ ነገር ይገባዋል… ዝም ማለትም ጭምር።»

ባየሽ ይህን የተናገረችው በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሚኒሶታዋ ኢገን ከተማ ውስጥ፣ ሞሲሳ ቤት በር ላይ ነው። ሞሲሳ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ የቫኑን ጣሪያ ይወለውል ነበር። ጋራዡ በር ላይ ሁለት ሰርፍ ቦርዶች ቆመዋል። ሰርፍ ቦርድ ማለት ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ረጅም ሰሌዳ ነው። አንደኛው የባየሽ ነው። ሌላው በነጭ አንሶላ ተጠቅልሏል፤ እሱ የሳህሉ ነው። ሳህሉ ራሱም አንሶላው አጠገብ፣ እያንዳንዱ ቃል በሚሰማበት ቦታ ቆሞ ነበር።

ሚኒሶታ ባሕር የላትም። ይህ ግን በቴሌግራም «ሞገደኞቹ» ብለው ራሳቸውን የሰየሙትን፣ ጋራዥ ውስጥ ሰርፍ ቦርድ የሚሠሩ ሐበሾች አላገዳቸውም። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቦርድ መርጠው ዱሉዝ ከተማ ድረስ ይወስዱና ሱፒሪየር ሐይቅ ውስጥ ይከቱታል። የሚሄደው አንድ ብቻ ነው፤ የቫኑን ጣሪያ ግማሽ የሞሲሳ የሥጋ መጥበሻ ይይዘዋል፣ መጥበሻው ደግሞ ቀርቶ አያውቅም። የትኛው ቦርድ እንደሚጫን የሚወስነው ባለቫኑ ነው። ዘንድሮ ተራው የባየሽ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሳህሉ ግሩፑ ውስጥ የገባው በረዶው ወራት መሐል ላይ ነው።

«ሩሐማ ደወለችልኝ። ዱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ እኛ በሄድን ቁጥር ፈተና አለብኝ ትለኛለች። በሐይቁ ዳር እናቷን ከቦርድ ጋር ማየት ያሳፍራታል መሰለኝ። ዛሬ ግን ‹ማም፣ ያንቺ ነው የሚመጣው? ሲሪየስሊ?› አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። ‹ኦኬ፣ አይ ዊል ካም› አለች። እንግዲህ እየጠበቀች ነው… አንተ ገመድህን ፍታ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው የማወራው።

«ምን ትዝ አለኝ መሰለህ? እኔ ግሩፑ ውስጥ የገባሁ ቀን። ‹ማን ነሽ፣ የት ነሽ፣ ምን አበላሽተሽ መጣሽ?› ተባልኩ። ደንባችን ነው። ባየሽ እባላለሁ፣ ዉድበሪ ነኝ፣ ሽማግሌዎች ቤት ነው የምሠራው፣ ቦርዱ የሚለበጥበት ሙጫ፣ ሬዚኑ ላይ ማጠንከሪያ አብዝቼ ጋራዤ ጭስ ሆኖ ጎረቤት እሳት አደጋ ጠርቶብኛል አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ‹እንኳን አበላሸሽው› ሲለኝ… ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ እኮ። አበላሽቼ ሲጨበጨብልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ደጀኔስ? ቦርዱን ከሚስቱ ፍሪጅ ጋር አጣብቆት አልመጣም? ቦርዱ ይሻላል ተብሎ ፍሪጁ አይደል የተጣለው?

«እንዲህ ዓይነት መሃይሞች ነበርን። አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ያላበላሸ ሰው አገኘን። ስንት ግሩፕ እንዲህ ያለ ሰው አግኝቷል? አንድም።»

ሳህሉ የገባ ቀን ደንቡ እሱንም ጠይቆታል። የመለሰው እንዲህ ነበር፦ «ሳህሉ እባላለሁ። ሲዋርድ ነው የምኖረው። የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቤተሰብ የለኝም፣ ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ምንም አላበላሸሁም።» በግሩፑ ዕድሜ «እንኳን አላበላሸህ» የተባለ ሰው አልነበረም። ሳህሉ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጠረውና በዚያው ሰዓት የባየሽን ቦርድ ፎቶ አወረደ፣ ጭራው ላይ ቀይ መስመር አሰመረበት፣ መልሶም ለጠፈው። ከሥሩ «ወደ ግራ ተጣሟል» ብሎ ጻፈ።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው፣ በሁለተኛው ብር ነው ይላሉ። አንዳንዱ እንግዳ ግን ሚዛን ይዞ ይመጣል ሞሲሳ። ወርቁን ይመዝናል፣ ብሩን ይመዝናል፣ ባለቤቷንም ይመዝናታል። ጥሩ አይደል? እኛ እስከዛሬ በግምት ስንኖር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ስናብር… ድሩ የተጣመመ መሆኑን ለክቶ የሚነግረን ግን ማን ነበረን?

«ፎቶዬ ላይ ቀይ መስመር ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ አልዋሽህም። በኋላ ሳስበው ጌጥ ነው። አንተ ሰርግ ተጠርተህ ሄደህ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ‹የሙሽራዋ ግራ ትከሻ ዝቅ ብሏል› ብለህ ታውቃለህ? አታውቅም። እያየህም አላልክም። ለምን? ፈሪ ስለሆንክ። ሁላችንም ፈሪ ነን፤ ‹ታምራለች› ብለን፣ በልተን፣ ጨፍረን እንገባለን። እውነት ተናጋሪ አጥተን ስንት ሙሽራ በጠማማ ትከሻ አገባች…»

ቦርዱ ጠማማ ነው። ባየሽም ይህን ታውቃለች። ቀይ መስመሩ በተለጠፈ ማግስት ከጎረቤቷ ውሃ ልክ ተውሳ ቦርዷ ላይ አስቀምጣዋለች። አረፋው ወደ ግራ ሄደ። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ገለበጠችው፤ አረፋው እንደገና ወደዚያው ሄደ። ውሃ ልኩን አመስግና መለሰች፤ ይህንን ለማንም አልነገረችም። ከዚያ በፊት የጀመረቻቸው ቦርዶች ሁሉ ተቃጥለዋል፣ ተሰንጥቀዋል ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር ተጣብቀዋል። ሙሉ ሆኖ የተረፈላት ይህ ብቻ ነው።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለውን ተረት አልወደውም እኔ። ሰው ካልጠራህ ዝም ልትል ነው? እንዲያማ ከሆነ ‹ማነው የሚቆምበት?› የሚለውን ጥያቄ ማን ይጠይቀን ነበር? ትዝ ይልሃል? ‹ይህን ሁሉ ቦርድ ትሠራላችሁ፣ ከእናንተ ዋና የሚችል ማነው?› ተባልን እኮ። እንዴት ያለ ብልህ ጥያቄ ነው። ካቻምና በረዶው ሳይቀልጥ ደርሰን፣ የሮማንን ቦርድ በረዶው ላይ አስተኝተን ምሳችንን በላንበት። እንደሱ ያለ ጠረጴዛ አይተህ ታውቃለህ? አምና ደግሞ ማዕበል ተገኘና የአክሊልን ቦርድ በረጅም ገመድ አስረን ብቻውን ለቀቅነው። ብቻውን ሄደ፣ ብቻውን ተመለሰ። እልል አልተባለም? አክሊል ቦርዱን አቅፎ እንደ ዘማች አልሳመውም? ያን ቀን ማናችንም ‹ላዩ ላይ ሰው የለም እኮ› አላልንም። አልታየንም። ደስታ ዓይን ይጋርዳል፤ የጠራ ዓይን ያለው ሰው ያስፈልግ ነበር።

«ደግሞ ንጽሕናው። ፎቶውን አይተሃል መቼም። አራተኛ ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሳሎን ላይ፣ ነጭ ምንጣፍ ላይ ቦርድ ተሠራ። ነጭ ነው የምልህ። ከተፋቀው ፎም አንዲት ብናኝ የለችም። እኔ ኅዳር ላይ የፋቅሁት ፎም ዛሬም ሽሮዬ ውስጥ ይገኛል። በብርጭቆ ወረቀት የፋቁለት መላእክት ናቸው ብዬ ነው የደመደምኩት… ሌላማ ማን ገብቶ ያግዘዋል?»

ሳህሉ እጁን ከአንሶላው ላይ አነሳ። ሞሲሳ ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ አግኝቶ በጣም አስቸጋሪ እንደሆነበት ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይፈታ ጀመር።

«ግሩፑም አማረበት አይደል? እንዴት ጸጥ አለ። ድሮ ስልኬ ሲንጫጫ ነው የሚውለው፤ ኢዩ ቦርዱ ሽንኩርት ሸተተ ብሎ፣ ቲጂ ከቦርዷ ሥር የሚገባውን ክንፍ ገልብጣ አጣብቃ፣ እኛ ‹እጅሽ ይባረክ፣ እንኳን አበላሸሽው› ስንል። አሁን ማን ደፍሮ ያንን ቆሻሻ ይለጥፋል? ኢያኤል እንኳ ያንን ዓሣ የሚመስለውን ቦርዱን ፖስት አድርጎ፣ ወዲያው ዲሊት አደረገው። ለምን አልኩት። ‹እስካስተካክለው ልጠብቅ› አለኝ። እየጠበቀ ነው። ሁሉም እየጠበቀ ነው። ስሕተት ከመካከላችን ጠፋ ሞሲሳ… ቦርድም አብሮ ጠፋ እንጂ።»

ይህ እውነት ነው። ከቀዩ መስመር ወዲህ በግሩፑ ላይ የተለጠፉት የልደት ምኞቶችና አንድ የመኪና ጎማ ሽያጭ ማስታወቂያ ናቸው። ሳህሉ ቦርዱን ጨርሶ ፎቶውን ሲለጥፍ ቦርዱ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙም በሁለቱም በኩል እኩል ነበር። ከግሩፑ አባላት አንድም ሰው ምንም አልጻፈለትም። እሱም ፎቶውን አልሰረዘውም።

«ታዲያ የቱን ነው የምትጭነው? … እኔ ምን አገባኝ፣ ቫኑ ያንተ ነው። ደህናውን ጫን። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይላሉ፤ እንዲህ ያለ አያያዝ አይቶ ግን ማን ደፍሮ ይቀማል? አንሶላ እኮ ነው! ሩሐማ ስትወለድ እንኳ በሆስፒታል ፎጣ ነው የተጠቀለለችው። ብቻ እኔ ለንብረቱ ነው የምሳሳው። ሱፒሪየር ውሃ አለው። ውሃ ደግሞ ያረጥባል። አሸዋ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ አንተ አለህ… አምና ሳንድዊችህን ይዘህ የማን ቦርድ ላይ ነበር የተቀመጥከው? ምንም ያልነካው ነገር እዚያ ሄዶ ቢጫርስ? ማን ይጠየቅበታል? የኔውማ ጠማማ ነው፤ ምን ይቀርበታል? ቢሰበር እንኳን አበላሸሽው ትሉኛላችሁ። ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጠማማነቱን ማን ያየዋል? … ልጄ ናት የምታየው። እሷ ደግሞ ከእናቷ እጅ ቀጥ ያለ ነገር ጠብቃ አታውቅም። ሙሉ ሆኖ ይምጣ እንጂ፣ ለሷ ይበቃታል።»

ባየሽ እዚህ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ሳህሉ ነው። ቦርዱን ከነአንሶላው ወደ ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ተመልሶ መጣና የባየሽን ቦርድ በአንድ ጫፍ ያዘ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሞሲሳ ገመዱን ጥሎ በሌላው ጫፍ ያዘ፤ ሁለቱ አንሥተው ጣሪያው ላይ ጫኑት። ቦርዱ ግን አልረጋም፤ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። ሳህሉ ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ ጋራዡ ሄደ፣ አንሶላውን ከራሱ ቦርድ ላይ ገፈፈ፣ ደጋግሞ አጠፈውና ከተጣመመው ጎን ሥር ሸጎጠው። ቦርዱ ረጋ። ሞሲሳ አሰረው። ሳህሉ ቋጠሮውን በጣቱ ሞክሮ ወደ ኋላ ተመለሰና በቫኑ በር ላይ እጁን አሳርፎ፣ ግባ እስኪባል ቆመ።

ባየሽ የፈለገችው ሆኖላታል። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ወደ ሞሲሳ ዞራ ሹራቧን አስተካከለች፤ ድምፅዋም እንደ ማር ለሰለሰ።

«አየህ ሞሲሳ? ስለዚያ ሰው ክፉ ወጣኝ? አልወጣኝም። መልካም ሰው ነው፣ መልካም ሰው ደግሞ ሳይመረቅ አይለቀቅም። እንግዲህ ምንም ያላበላሸውን ሰው፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ልኩን ምንም አያበላሽበት። ዕቃው ሁሉ እንደተቀመጠ ይገኝ። ብርጭቆውን የሚሰብር እንግዳ፣ ግድግዳውን የሚሞነጫጭር ልጅ፣ አልጋውን ሳያነጥፍ የምትወጣ ሚስት አይላክበት። ማታ ሲገባም ቤቱ ጠዋት ትቶት እንደወጣው ሆኖ ይቆየው… ልክ ትቶት እንደወጣው፣ እስከ እርጅናው ድረስ። አሜን በል እንጂ ሞሲሳ፤ ምርቃት እኮ ነው።»